ከአምስት ኪሎ እስከ እንጦጦ፦ እንግዳ ሲመጣ የምወስድበት መንገድ

አዲስ አበባን ለማየት አንድ ሙሉ ቀን ብቻ ላለው እንግዳ ምን ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ አንድ ነው፦ ከአምስት ኪሎ ተነስቶ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ አልፎ እንጦጦ ላይ የሚያልቀው መንገድ። የመንገዱ እምብርት ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለው የኢትኖሎጂ፣ ማለትም የሕዝቦች ባህልና አኗኗር ሙዚየም ነው። በእኔ ግምት በዚህች ከተማ ከእሱ የሚበልጥ የሚጎበኝ ቦታ የለም። አዳዲሶቹን ፓርኮች፣ ፏፏቴዎቹንና የማታ መብራቶቹን የሚወድ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ቅዳሜ ማታ ልጆች ይዤ እሄዳለሁ። ነገር ግን ሐሙስ ገብቶ እሁድ ለሚመለስ ሰው ሌላ ከተማ ውስጥም ሊያገኘው የሚችለውን አሳይቶ መሸኘት እንግዳን መበደል ነው ብዬ አምናለሁ።

ለሰፈሯ ታዳላለች የሚል ይኖራል። አዎ፣ ተወልጄ ያደግሁት ሽሮ ሜዳ ነው፤ አባቴም በልጅነቱ በሽመና ከሚታወቀው የጋሞ ጨንቻ ደጋ መጥቶ እዚያው የቀረ ሸማኔ ነው። ግን ከቤተሰቡ ሁሉ እንግዳ የማስጎብኘቱ ሥራ እኔ ላይ የወደቀው ከተማውን ዳር እስከ ዳር መዞር ስለምወድ ነው። አክስቴ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ሮም፣ አብሮ አደጎቼ ዱባይና ቤሩት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወይም ለገናና ለጥምቀት ይመጣሉ። አንድነት ፓርክ፣ ወዳጅነት ፓርክ፣ ሳይንስ ሙዚየም፣ መርካቶ፣ መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም፣ ፒያሳ ላይ የካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ ሁሉም ጋ ይዣቸው ሄጃለሁ። ሁሉም የየራሱ መልክ አለው። እንግዶቼ ግን ወደየቤታቸው ተመልሰው ስልክ ሲደውሉ ደጋግመው የሚያነሱት ይህን ሽቅብ የሚወጣ መንገድ ነው።

ባለፈው ክረምት አክስቴ ልጆቿን ይዛ ስትመጣ እኔን ላለማድከም ብላ ከአንድ አስጎብኚ ድርጅት ጋር የአንድ ቀን ጉብኝት ተዋውላ ነበር። ፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል፤ ከተማው ውስጥ ስሙ የሚጠራ ቦታ ሁሉ ተደርድሮበታል። ቀኑ ግን ያለቀው መኪና ውስጥ ነው። ሙዚየም ላይ የተሰጣቸው ጊዜ ፎቶ ከመነሳት አላለፈም፣ መርካቶን ያዩት ከመስኮት ነው፣ ምሳ የበሉት ሌላ የአገሬው ሰው በማይታይበት ቤት ነው። ማታ ሲመለሱ ትልቋን ልጅ ምን ምን አየሽ ብላት ቦታዎቹን እያምታታች ጠራችልኝና አንዱንም ልትነግረኝ አልቻለችም። በነጋታው እኔ ይዣቸው ወጣሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው እነሱንና ከእነሱ በፊት የመጡትን ይዤ የሄድኩበትን ነው።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም መድረስ ጥሩ ነው፤ የተማሪዎች አውቶቡስ ከመምጣቱ በፊት ምድር ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። ሁሉም ሰው የሚመጣው ለድንቅነሽ ነው። በ1967 ኅዳር ወር ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት፣ ከአፅሟ 40 በመቶ ያህሉ የተረፈላት ድንቅነሽ። ለዕይታ የቆመው ቅጂው ነው፤ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጧል፤ ይህን ለልጆች ቀድሞ መንገር ይሻላል። እኔ ግን ልጆች ይዤ ስገባ መጀመሪያ የማሳያቸው ሰላምን ነው። በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራው ቡድን ዲኪካ ላይ ያገኛት የ3 ዓመት ገደማ ሕፃን ናት፤ ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ስለሚደርስ ከድንቅነሽም ትቀድማለች። ድንቅነሽ ፊት ቆሞ ቁመቷን ከራሱ ጋር የማያስተያይ ልጅ የለም፤ ሰላም ጋ ሲደርስ ግን የሕፃን ፊት ነው የሚያየው። የአክስቴ ትንሹ ልጅ "እናቷስ የት አለች?" ብሎ ጠየቀኝ። ሌላ ሙዚየም ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከልጅ ሰምቼ አላውቅም።

ፎቅ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ሳታዩ አትውጡ፤ ብዙ ሰው ድንቅነሽን አይቶ ስለሚመለስ ሰፊ ቦታና ጊዜ ይኖራችኋል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ትልቁ ዙፋንም እዚህ ነው። ቢሆንም ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ እንዳትቆዩ፣ ጉልበታችሁን ለቀጣዩ አስቀሩ።

ከአምስት ኪሎ ስድስት ኪሎ በእግር ነው የሚኬደው። መንገዱ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዱባይ የመጣችው ጓደኛዬ ከጥቂት እርምጃ በኋላ ትንፋሽ አጥሯት ቆማ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ መሆኗን እኛ ነዋሪዎቿ ረስተነዋል፤ እንግዳ ግን በመጀመሪያው ቀን ሳንባው ይነግረዋል። ቀስ በሉ፣ ውሃ ያዙ። መንገድ ላይ ስፕሪስ የሚሸጥ ጭማቂ ቤት ካገኛችሁ አቮካዶውና ማንጎው በንብርብር የተቀዳበትን አንድ ብርጭቆ አዝዛችሁ ዐረፍ ብትሉ መልካም ነው።

ስድስት ኪሎ አደባባይ መሃል የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ቆሟል። መኪና ውስጥ ሆኖ የሚያልፈው ሰው ረጅም ነጭ ድንጋይ ብቻ ነው የሚያየው። ወርዳችሁ፣ መንገዱን በጥንቃቄ ተሻግራችሁ ጠጋ በሉት። ዙሪያውን የተቀረጹት ምስሎች የሚያሳዩት የካቲት 12 ቀን 1929 የተጀመረውን እልቂት ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ የፋሺስት ወታደሮች በከተማው ሕዝብ ላይ ያደረሱትን፣ ሬሳውን፣ ሐዘንተኛውን። ቀራጮቹ ከዩጎዝላቪያ የመጡት አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች ናቸው። እኔ እዚህ ጋ ብዙ አልናገርም፤ እንግዶቼ ዞረው እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ እነግራቸዋለሁ፦ ቦምቡ የተወረወረበት ቤተ መንግሥት ከዚህ ይታያል፤ አሁን የምንገባው እዚያ ነው።

የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ፍተሻ አለ፤ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ያዙ። ከበሩ ወደ ውስጥ ያለው መንገድ በረጃጅም ዛፍ የተከበበ ነው፤ ተማሪዎች ሣሩ ላይ ተቀምጠው ያጠናሉ። ፊት ለፊት የሚታየው ሕንፃ ገነተ ልዑል ነው። ይህ ሕንፃ በራሱ አንድ ሙዚየም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነበር፤ በወረራው ዘመን የጣሊያን እንደራሴ ተቀመጠበት፤ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚህ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው እንደገና ኖሩበት። ታኅሣሥ 1953 መንግሥቱና ግርማሜ ነዋይ ያስነሱት መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች የተገደሉት በዚሁ ቤት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ሙዚየሙ አሉበት። ልጆች ደረጃው ላይ ተቀምጠው ደብተር ሲያገላብጡ ሳይ ከስጦታ ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር እላለሁ።

ከሕንፃው ፊት ለፊት፣ ሣሩ መሃል የቆመውን ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ ሳያዩ የሚያልፉ ብዙ ናቸው። ጣሊያኖች ያቆሙት ነው፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ አንድ ደረጃ እየጨመሩ። ነፃነት ሲመለስ አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ አንድ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ቁጭ አደረጉበት፤ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ከሮም የመጣው አጎቴ እዚህ ጋ ረጅም ጊዜ ቆሞ ነበር። "ስንት ዓመት ሮም ስኖር ይህን የነገረኝ የለም" አለኝ። ኢጣሊያ ተወልደው ያደጉ ልጆቹን ሊያመጣቸው ቃል ገብቶልኛል።

አሁን ወደ ውስጥ። ሙዚየሙን ከሌሎች ሁሉ አስበልጬ የምወድበት ምክንያት አደራደሩ ነው። የብዙ አገር ሙዚየም ሕዝቦችን በጎሳ በጎሳ ከፍሎ፣ አንዱን ክፍል ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው ይሰጣል፤ ወይም ደግሞ ነገሥታቱን በዘመናቸው ይደረድራል። እዚህ ግን ዕቃው የተደረደረው በሰው ዕድሜ ነው። መጀመሪያ ልደትና ልጅነት፤ አስተዳደግ፣ ጨዋታ፣ ተረት፣ ለአካለ መጠን የመድረስ ሥርዓት። ቀጥሎ ጉልምስና፤ እምነት፣ አደን፣ ጦርነት፣ የከብት አርቢው ኑሮ፣ የባህል መድኃኒት፣ የእጅ ሥራ። በመጨረሻ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው፤ የቀብር ሥርዓቱ፣ የመቃብር ድንጋዩ። የአፋሩ፣ የኦሮሞው፣ የአማራው፣ የጋሞው፣ የኮንሶው፣ የትግሬው ዕቃ በአንድ መስታወት ውስጥ ተቀላቅሎ ታገኙታላችሁ፤ ሁሉም ልጅ ይወልዳል፣ ሁሉም ይቀብራል። ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ። ከአሜሪካ የሚመጡ ልጆች "እኛ ከየትኛው ነን?" እያሉ ነው የሚገቡት፤ እዚህ ግን ጥያቄው ራሱ ይለወጥና "ይሄ ለምን ይጠቅማል? ሕፃኑን በምን ያዝሉታል?" ማለት ይጀምራሉ።

ለእኔ ለሸማኔ ልጅ የእጅ ሥራው ክፍል የተለየ ነው። አባቴ ከተማ ከገባ ጀምሮ "ቁጢት በጣሽ" ተብሎ ተሰድቧል፤ ልጅ ሆኜ እኔም በመንገድ ላይ ሰምቼዋለሁ። የሚለብሰው ሁሉ በሸማኔ እጅ የተሠራ ሰው ነበር ሸማኔን የሚንቀው። አፄ ምኒልክ እንኳ የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው እንዳይሰድቡት አዋጅ ማስነገር አስፈልጓቸው ነበር። ይህ ሙዚየም ውስጥ ግን ሸክላ የሠራችውም፣ ብረት የቀጠቀጠውም፣ ቆዳ ያለፋውም ሥራቸው በነገሥታት ቤት፣ መስታወት ውስጥ፣ መብራት በርቶለት ቆሟል። አባቴን አንድ ጊዜ ይዤው ሄጄ ነበር። ዕቃዎቹን ሁሉ በዝምታ አየና የጨርቁ መስታወት ጋ ሲደርስ ቆሞ ጥለቱን በጣቱ በአየር ላይ ይቆጥር ጀመር። "ይህን የሠራው ጎበዝ ነው፤ አልተጣደፈም" አለ። ሌላ አስተያየት አልሰጠም።

ከፎቅ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት እንዳለ ተጠብቆ ይታያል። ልጆች ይህን በጣም ይወዱታል፤ ንጉሥ ገላውን ይታጠባል ብለው አስበው ስለማያውቁ ይመስለኛል። መስታወቱ ላይ የ1953ቱ ግርግር የተወው የጥይት ምልክት አለ፤ ፈልጉትና አሳዩአቸው። ከዚያ አለፍ ብሎ ያለው የመንፈሳዊ ሥዕልና የመስቀል ስብስብ ግን ለልጆች ሳይሆን ለእናንተ ነው። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ክፋይ የእንጨት ሥዕሎች፣ የእጅና የመጾር መስቀሎች፣ በሰው ቁመት ልክ የተጻፉ ጠልሰም ያለባቸው ክታቦች አሉ። ክታቦቹ ላይ ያሉትን ዓይኖች ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ ሠዓሊው ብራናውን እያዞረ ሲሥል በቀለሙ ውፍረት የት እንደጀመረና የት እንደጨረሰ ይታያል። አክስቴ የእመቤታችን ሥዕሎች ፊት እያንዳንዱን ተሳልማ ስለሄደች ከክፍሉ ለመውጣት ብዙ ቆየን። ማንም አላስቸኮላትም።

የሙዚቃ መሣሪያዎቹም አሉ። ክራሩና በገናው በአንድነት ሲታዩ ስድስቱና አሥሩ አውታር ግልጽ ይሆናል፤ መሰንቆ፣ ዋሽንት፣ እምቢልታ፣ ከበሮ፣ ጸናጽል፣ ሌሎች ስማቸውን የማላውቃቸው የደቡብና የምዕራብ መሣሪያዎችም ተሰቅለዋል። ሙዚቃ ተጫዋች እንግዳ ካላችሁ ከዚህ ክፍል እንዲወጣ አትጎትቱት። ለሙዚየሙ በጠቅላላው ሁለት ሰዓት ተኩል መድቡ። ከ5 ኮከብ 5 ነው የምሰጠው፤ ትርፍ ቢኖር እጨምርለት ነበር።

ምሳ ከግቢው ስትወጡ ከዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ካሉት የተማሪ ምግብ ቤቶች በአንዱ ብሉ። ተጋቢኖው እየፈላ በድስቱ ይመጣል፣ እንጀራው ትኩስ ነው፣ ዋጋውም የተማሪ ነው። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ በየዓይነቱ እዘዙ። ሰዉ ብዙ ስለሆነ ጠረጴዛ ትጋራላችሁ፤ እንግዶቼ ከማያውቁት ተማሪ ጋር ወሬ የጀመሩት እዚህ ነው።

ከስድስት ኪሎ "ሽሮ ሜዳ፣ ሽሮ ሜዳ" የሚል ሚኒባስ ይያዛል። ሽሮ ሜዳ የምትጀምረው ነጭ ጨርቅ ሲበዛ ነው። ነጠላው፣ ጋቢው፣ የሀበሻ ቀሚሱ መንገዱን ይዞ ተሰቅሏል። እዚህ ጋ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው እዚህ ነው፣ የሚታለለውም እንዲሁ።

በእጅ የተሠራን ጨርቅ ከማሽን ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። መጀመሪያ ጋቢውን ዘርጉት። ሸማኔ ማግ ያዘለውን መወርወሪያ ከግራ እጁ ወደ ቀኝ እጁ ስለሚወረውር የጨርቁ ስፋት ከክንዱ አያልፍም፤ ስለዚህ እውነተኛ ጋቢ ሁለት ጎን ተያይዞ መሃል ለመሃል ስፌት አለው። ንብርብሩ አራት ነው፤ ጫፉን በጣታችሁ ለይታችሁ ቁጠሩት። ቀጥሎ ብርሃን ላይ ያዙት፤ በእንዝርት የተፈተለ ክር አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ቀጠን ይላል። ከዳር እስከ ዳር እንደ መስመር ደብተር እኩል የሆነ ክር የማሽን ነው። በመጨረሻም ከጫፉ አንድ ክር ምዘዙና በክብሪት አቃጥሉት፤ ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሽ ከሆነ ቀልጦ ይጠጥራል። ባለ ሱቁ ክር አትመዝዙ ካላችሁ ለመልካም ቀን ብላችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። ከቤሩት የመጣች አብሮ አደጌ ለሠርጓ ብላ አንድ ሱቅ ገብታ "የእጅ ሥራ ነው፣ የጨንቻ ነው" ተብሎ የተሸጠላት ቀሚስ ቤት ገብተን ክሩን ስናቃጥለው ጥቁር እንክብል ሆኖ ቀረ። ዋጋው የእጅ ሥራ ዋጋ ነበር። የሚያናድደኝ የእሷ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሳምንት ሙሉ የሽመና ጉድጓዱ ዳር ተቀምጦ የሠራው ሸማኔ ዋጋውን የሚያጣው በዚህ ምክንያት ስለሆነ ነው።

ከዋናው መንገድ ከሱቆቹ ጀርባ ግቡ። ሸማኔዎቹ ያሉት እዚያ ነው። ሰላም ብሎ፣ አስፈቅዶ ለገባ ሰው አይከለክሉም፤ ስትወጡ ግን አንድ ነገር ግዙ ወይም ለቡና ብላችሁ ስጡ። የአክስቴን ልጆች ወደ አባቴ ነው የወሰድኳቸው። አባቴ የሚሠራው መሬቱ ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ ጠርዝ ተቀምጦ ነው፤ እግሮቹ ጉድጓዱ ውስጥ ሆነው ድሩን ወደ ላይና ወደ ታች ይከፍታሉ፣ እጆቹ ማጉን ይወረውራሉ። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ባለቀለሙን ክር በጣቱ ድሩ መሃል እያስገባ፣ እየዘለለ፣ እንደገና እያስገባ። መሃለኛው ልጅ ዓይኑን ሳይነቅል ሲያይ ቆየና "ጋሼ፣ ንድፉን ሳታይ እንዴት ታውቀዋለህ?" ሲል ጠየቀው። "ቆጥሬ ነው የኔ ጌታ" አለው አባቴ፤ "ሦስት ትይዛለህ፣ አንድ ትለቃለህ፤ ሲመለስ ደግሞ ትገለብጠዋለህ። ከተሳሳትክ ጨርቁ ራሱ ይነግርሃል።" ከዚያ ተነስቶ ልጁን በቦታው አስቀመጠው። የልጁ እግር ወደ ታች ስላልደረሰ አባቴ ጎንበስ ብሎ በእጁ እየረገጠለት ጥቂት ማግ አስወረወረው። ልጁ የሠራው ቁራጭ ጨርቅ ተቆርጦለት ይዞ ነው ወደ አሜሪካ የተመለሰው።

እንደኔ አባት የሚወስዳችሁ ዘመድ ባይኖራችሁም አትጨነቁ፤ አንዱን ሱቅ "የሠራው ሰው ማነው? ማየት እንችላለን?" ብላችሁ ጠይቁ። የራሱን ሸማኔ የሚያውቅ ነጋዴ ደስ ብሎት ያሳያችኋል። ከማን እንደገዛው የማይነግር ነጋዴ ጋ ደግሞ ዋጋ አትከራከሩ፣ ውጡ።

ከሽሮ ሜዳ በላይ እንጦጦ ነው። በእግር መውጣት ይቻላል፤ ለለመደ ሰው ጥሩ ነው፣ ጎህ ሲቀድ ሯጮቹ የሚወጡበት ነው። ለእንግዳ ግን ታክሲ ተኮናተሩ። ተራራው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ቀትር ላይ እንኳ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ሹራብ ወይም አዲሱን ጋቢያችሁን ያዙ። መንገድ ላይ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ታያላችሁ። እባካችሁ መስኮት ከፍታችሁ ፎቶ አታንሱባቸው።

እንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ስትደርሱ መጀመሪያ ተሳለሙ፣ ከዚያ ምኒልክ በ1882 ንጉሠ ነገሥት ሆነው የነገሡት እዚህ መሆኑን ለእንግዳችሁ ንገሩት። ግቢው ውስጥ ያለው ሙዚየም የምኒልክንና የጣይቱን፣ የሌሎችንም ነገሥታት አልባሳትና ንዋያተ ቅድሳት ይዟል። ከዚያ አጠገብ ያለውን ቤተ መንግሥት እዩት። ስድስት ኪሎን ካያችሁ በኋላ ስታዩት ትገረማላችሁ፤ እንጨትና ጭቃ ነው፣ በኖራ የተቀባ። ቤተ መንግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ከመውረዱ በፊት አገር የተመራው ከዚህ ቤት ነበር። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ ወርደው ቦታውን ወደዱትና በ1879 አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ ከተራራው አፋፍ ቆማችሁ ወደ ታች ስትመለከቱ እንዴት ያን ሜዳ እንደመረጡት በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ጠበል ጋ ካሜራ አይወጣም። እዚያ የሚመጣው ሰው ታሞ ነው።

በ2013 የተከፈተውን እንጦጦ ፓርክን በተመለከተ፣ ለዚህ ቀን አታስቡት ነው የምለው። ሰፊ ነው፣ ፈረሱ፣ ብስክሌቱ፣ ከዛፍ ዛፍ በገመድ መሻገሪያው ሁሉ አለ፤ ለወጣትና ለልጅ አንድ ሙሉ ቀን ይገባዋል። ከሰዓት በኋላ ደክሞ ለመጣ ሰው ግን ከማርያም ግቢ ወጥቶ ባሕር ዛፉ ሥር መቀመጥ ይበቃዋል። ሁለተኛ ቀን ካላችሁ ጠዋቱን ለፓርኩ ስጡት።

ማታ ፒያሳ መውረድ ለሚፈልግ አራዳ ጊዮርጊስ ቅርብ ነው። ለዓድዋ ድል መታሰቢያ የተሠራው ስምንት ማዕዘኑ ቤተ ክርስቲያንና ከፊት ለፊቱ ያለው የምኒልክ የፈረስ ሐውልት ጀምበር ስትጠልቅ ያምራሉ። የዓድዋ መታሰቢያውም እዚያው ስለሆነ ሰዓቱ ከደረሰላችሁ ግቡ። የባህል ምግብ ቤት ጭፈራ ግን እኔ ለመጀመሪያ ቀን አልመክርም፤ ድምፅ ማጉያው ጆሮ ስለሚያደነቁር ከእንግዳ ጋር ያየነውን ማውራት አይቻልም። እኛ እቤት ገብተን ቡና ማፍላትን እንመርጣለን።

ለሚሄድ ሰው ጥቂት ነገር ልጨምር። የሙዚየሞቹ መግቢያ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ይለያያል፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያላችሁ አሳዩና ጠይቁ፣ ጥሬ ብርም ያዙ። ትልቅ በዓል ሲሆን ከመውጣታችሁ በፊት ሰው ጠይቁ። ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለማይቀር እንጦጦን ወደ ጠዋት አዙሩትና ሙዚየሞቹን ለከሰዓት አድርጉ፤ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ግን እኔ በጻፍኩት ቅደም ተከተል ሂዱ፣ ተራራውም በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ጋቢ ወይም ቀሚስ ማሠራት ከፈለጋችሁ ደግሞ ሽሮ ሜዳን ለመጨረሻ ቀን አታቆዩት። ከአውሮፕላን በወረዳችሁ ማግስት ሄዳችሁ ጥለቱን መርጣችሁ፣ ቀብድ ከፍላችሁ እዘዙ። ለጥምቀትና ለመስቀል ሰሞን ሸማኔዎቹ ሥራ ስለሚበዛባቸው ከተቻለ ከመምጣታችሁ በፊት ዘመድ ልካችሁ አስጀምሩ፤ ክሩ ጥጥ እንዲሆን፣ ጥለቱም በእጅ እንዲሠራ በግልጽ ተነጋገሩ፣ ቀሪውን ሒሳብም ጨርቁን ዘርግታችሁ ካያችሁ በኋላ ክፈሉ።